ቀምሶ መትፋት

ጤናዬና ፀደይ በአንድ ወጥ ቤት ይሠራሉ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያመልካሉ፣ አንዷ ሌላዋን ግን ቆማ ማየት አትፈልግም። ጂንካ ትንሽ ከተማ ናት፤ የተጣላ ሰው ሊራራቅ ቢፈልግ እንኳ ገበያው፣ መንገዱና ጸሎት ቤቱ መልሰው ፊት ለፊት ያጋጥሙታል። እነዚህ ሁለቱማ ጠዋት ጠዋት በአንድ ባጃጅ ተሳፍረው ከከተማው ዳር እስካለው ሎጅ ድረስ ቃል ሳይተነፍሱ ይሄዳሉ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ድስት ሲያጋጩ ይውላሉ።

ጥሉን ማን ጀመረው ከተባለ ጤናዬ መልሷ ዝግጁ ነው። ፀደይን በዕቃ አጣቢነት ያስቀጠረቻት እሷ ናት። ሽንኩርት አከታተፍ ያስተማረቻት እሷ ናት። ፀደይ ግን ገና እጇ ሳይፈታ፣ «የተረፈው ዘይት በጤናዬ ፌስታል ወደ ቤቷ ይሄዳል» ብላ ለሎጁ ባለቤት ለአቶ ተገኝ ሹክ አለች። ነገሩ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ጤናዬ ይህን ያህል ባልተናደደች። ሄዷል። የተጠበሰበት ዘይት ነው፣ ሊደፋ የነበረ ነው፣ ግን ሄዷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርሷን ነክሳባታለች።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ የሎጁ ሼፍ አርባ ምንጭ የተሻለ ቦታ አገኘሁ ብሎ ጥሏቸው ሄደ። እሱ በሄደ በሳምንቱ አንድ ፈረንሳዊ መጣ። ሰውየው ሊሙ ከምትባል የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ የመጣ ወይን አምራች ነው። የአገሩ ሰዎች፣ ሁሉም እንደሱ ወይን ተካዮች፣ ሐመርንና ዳሰነችን ሊጎበኙ በቡድን ስለሚመጡ ቀድሞ ሊያመቻችላቸው ነበር አመጣጡ። በመኪናው ጀርባ በካርቶን የታሸገ ጠርሙስ ሞልቷል። ብላንኬት ይባላል፤ አረፋ ያለው ነጭ ወይን ነው። አስጎብኚው እዩኤል እየሳቀ እንደተረጎመው ከሆነ፣ የሊሙ ሰዎች «ከሻምፓኝ በፊት እኛ ነበርን» እያሉ ከሌላው ፈረንሳይ ጋር ሲነታረኩ ይኖራሉ። ጤናዬ ይህን ስትሰማ ሰዎቹን ሳታያቸው ወደደቻቸው።

አቶ ተገኝ ሁለቱን ሴቶች ጠርቶ ከግቢው ማንጎ ዛፍ ሥር አቆማቸው። ሲናገር ነገር የማያስረዝም የደብረ ብርሃን ነጋዴ ነው።

«እንግዶቹ ቅዳሜ ማታ ይህን ወይን እየጠጡ የእኛን አገር ምግብ ይበላሉ። ምግቡ ከወይኑ ጋር መስማማት አለበት። ግማሹን አንቺ፣ ግማሹን አንቺ። ያማረላት በሼፉ ቦታ የወጥ ቤቱን ቁልፍ ትይዛለች» አለ።

ፈረንሳዊው አንዱን ጠርሙስ ከፈተ። ቡሹ ጯ! ብሎ ሲወጣ ፀደይ «ኢየሱስ!» ብላ ዘለለች። ወይኑን በሦስት ብርጭቆ ቀዳና ሁለቱን ዘረጋላቸው። ሳይቀምሱት የሚስማማውን ማወቅ አይቻልም አለ፤ እዩኤል ተረጎመ።

«እኔ አማኝ ነኝ። መጠጥ በአፌ አይገባም» አለች ፀደይ። ዓይኗ ያረፈው ግን ፈረንሳዊው ላይ አልነበረም፤ ጤናዬ ላይ ነው።

ጤናዬም አማኝ ናት። አማኝ ብቻም አይደለችም፤ ከባሏ ከሚልክያስ ጋር ከሳውላ መጥተው ጂንካ ከከተሙ ብዙም ሳይቆይ የጌታን እራት የማዘጋጀት አገልግሎት የተሰጠው ለእሷ ነው። ዳቦውን ትጋግራለች። ወይን በማይጠጣበት ቤተ ክርስቲያን በወይን ፈንታ የሚቀርበውን የዘቢብ ጭማቂ ታፈላለች። ነጩን ጨርቅ ራሷ አጥባ ራሷ ትተኩሳለች። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ያን ጨርቅ ከጽዋዎቹ ላይ ስትገልጥ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። በዚህ ዓለም ላይ እንደዚያች ጸጥታ የምትኮራበት ነገር የላትም።

ፈረንሳዊው ብርጭቆውን አዙሮ አሸተተ፣ ተጎነጨ፣ አፉ ውስጥ አመላለሰና እግሩ ሥር ባለው ባልዲ ውስጥ ጢቅ አደረገው።

«ባለሙያዎቹ እንዲህ ነው የሚያደርጉት» አለ እዩኤል። «ካልተፉትማ ቀኑን ሙሉ ሰክረው አይውሉም?»

«መዋጥ ግድ አይደለም?» አለች ጤናዬ።

«አይደለም፣ እህቴ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ኧረ አይደለም አልኩሽ!»

ጤናዬ ፀደይን አየቻት። ፀደይ ክንዶቿን አጣምራ፣ ከንፈሯን አሹላ፣ እስቲ ወዴት ትገቢ ይሆን ብላ ትጠብቃለች። ያ ፊት ባይኖር ጤናዬ ብርጭቆውን ትመልስ ነበር። ተቀበለችውና ጎንጨት አለች። መጀመሪያ እንደ ሎሚ ኮመጠጣት፣ ከዚያ የጨንቻ ፖም ሸተታት፣ ከዚያ አረፋው ምላሷ ላይ ፈነዳ። ባልዲው ላይ ጎንበስ ብላ አንዲት ጠብታ ሳታስቀር ተፋችው።

ከሰዓት በኋላውን ያንኑ ስትሠራ ዋለች። ከወጥ ቤት አንድ ነገር ታመጣለች፣ ትቀምሳለች፣ ትጎነጫለች፣ ትተፋለች። በርበሬ ያለበት ነገር ሲገናኘው አረፋው እንደ ሳማ ይለበልባል። በዘይት የተጠበሰ ነገር ሲሆን ግን ስቡን ከአፍ ውስጥ ጠራርጎ ይወስድና ምላስ ሌላ ጉርሻ ይጠይቃል። ጨው ይወዳል። አይብ ይወዳል። ፈረንሳዊው ራሱን እየነቀነቀ ያበረታታታል፤ በአገሩ ከፍየል አይብና ከዓሣ ጋር ነው የሚጠጡት። ፀደይ በመስኮቱ በኩል ሽንኩርት እየላጠች ሁሉንም አየች።

ቅዳሜ ማታ ጤናዬ ከኦሞራቴ በበረዶ የመጣውን ቆሮሶ ዓሣ በስሱ ዱቄት ነክራ ጠበሰች። ጎደሬ እንደ ወረቀት አሳስታ ከትፋ፣ ጠብሳ፣ ጨው ነሰነሰችበት። አይቡን ከሽፈራው ቅጠል ጋር አዋሐደች። ፀደይ ደግሞ ለክቡር እንግዳ የሚገባው ዶሮ ወጥ ነው ብላ ዶሮ ሠራች፤ እውነት ለመናገር እጅ የሚያስቆረጥም ዶሮ ነበር። ፈረንሳዮቹም ደስ ብሏቸው ጎረሱት። ከዚያ በላዩ ብላንኬቱን ሲጎነጩበት ፊታቸው ቲማቲም መሰለ፣ እንባቸው ወረደ፣ ውኃ ውኃ አሉ። ጠርሙሱ ተረስቶ ቀረ። የጤናዬ ዓሣና ጎደሬ ሲመጣ ነው እንደገና ብርጭቆ ያነሱት፣ ከዚያ በኋላም አላስቀመጡትም። አቶ ተገኝ በማግስቱ ቁልፉን ለጤናዬ ሰጣት።

ፀደይ እንኳን ደስ ያለሽ አላለችም። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወደ ጋሽ ለማ ቤት ሄደች።

ጋሽ ለማ የቤተ ክርስቲያኑ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ከያዙት የማይለቁ ሰው ናቸው። ጤናዬን ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ቢሮ አስጠርተው ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ጠየቋት።

«እህት ጤናዬ፣ መጠጥ በአፍሽ ገብቷል ወይስ አልገባም?»

«ገብቷል። ግን ወጥቷል።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ያሳለ መስሎ ሳቀ። ጋሽ ለማ አልሳቁም።

«ባልሽን ከየት እንዳወጣነው ታውቂያለሽ። ሌላው ቢቀር ለሚልክያስ እንዴት አላሰብሽም?»

ሚልክያስ ግንበኛ ነው፤ በአንድ ወቅት የቀን ገቢውን ለአረቄ ቤት ገብሮ፣ ማታ ከቦይ ውስጥ ሰው የሚያነሳው ግንበኛ ነበር። በሌሊት ተሸክመው ቤቱ ያደረሱት፣ ጸልየው፣ ተቆጥተው፣ አብረው አድረው ያስተዉት እነዚህ ሽማግሌዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሚልክያስ አረቄ ቤት ባለበት መንገድ እንኳ አያልፍም፤ ዞሮ ነው የሚሄደው።

«እሱ ይጠጣ ነበር፣ እኔ ተፋሁ። ሁለቱ አንድ ነው?» አለች ጤናዬ።

«ለሚያይሽ ሰው አንድ ነው።»

«ያየኝ ሰው ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ጋሽ ለማ። ለእግዚአብሔር ቀንታ ሳይሆን በእኔ ቀንታ ነው የመጣችው።»

«የመጣችበትን ጌታ ይመርምረው። አንቺ በጉባኤ ፊት ቆመሽ በድያለሁ በይ፤ እኛም እንተወዋለን።»

«ያልጠጣሁትን ጠጣሁ ብዬ በእግዚአብሔር ቤት አልዋሽም።»

ይህን ተናግራ ወጣች። ሽማግሌዎቹም ንስሐ እስክትገባ ድረስ ከጌታ እራት አገዷት፤ ዝግጅቱንም ለፀደይ ሰጡባት። እገዳውን ትችለው ነበር። ነጩ ጨርቅ በፀደይ እጅ መግባቱን ስትሰማ ግን አንጀቷ አረረ።

ማታ ሚልክያስ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ለመናት። «ጤንዬ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት። በድያለሁ በያቸውና ይለቅልሽ።»

«ላልሠራሁት?»

«እኔ ሁሉን ተናግሬ ነው በሰላም የምተኛው።»

«አንተ ሠርተህ ነዋ!» አለችው። የተናገረችው ነገር ክፉ እንደሆነ ከአፏ ሳይወጣ ታውቋታል፤ ግን ወጣ። ሚልክያስ ተነሥቶ ለነገ ሥራ መዶሻውን መፈለግ ጀመረ።

የየካቲት የመጀመሪያው እሑድ ሞቃት ነበር። ጤናዬ ታግዳም ቢሆን አልቀረችም፤ ቀረች እንዲሏት አልፈለገችም። በሴቶቹ በኩል የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ከኋላው በር አጠገብ ተቀመጠች። የጌታ እራት ዕቃ የሚሰናዳውም እዚያው በር ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ ነው። ፀደይ ነጭ ለብሳ፣ ቢጫ ጀሪካን ተሸክማ ገባች።

ጤናዬ ዘቢቡን የምታፈላው ሁልጊዜም ቅዳሜ ማታ ነው፤ ታፈላለች፣ ታጠልላለች፣ በማግስቱ ይጠጣል። ፀደይ ይህን አታውቅም፤ ጤናዬን ከመጠየቅ ደግሞ ብትሞት ትመርጣለች። ጣፋጭ እንዲሆንላት ዘቢቡን ሳታፈላ ከሰኞ ጀምራ በውኃ ዘፈዘፈችው፣ ስኳር ጨመረችበት፣ ነፍሳት እንዳይገቡበት ጀሪካኑን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ምድጃ አጠገብ አኖረችው። ለመዘምራኑ ሴቶችም «የእኔው ሳምንቱን ሙሉ የተዘፈዘፈ ነው፤ እንደ እሷ የአንድ ሌሊት ውኃ አይደለም» ብላ ጉራዋን ነዝታለች። ወሬው ጤናዬ ጋ ደርሷል፤ ያን ጊዜ ግን ከንዴት በቀር ምንም አላሰበችበትም።

ፀደይ ክዳኑን ስታላላው ጀሪካኑ ፉሽሽ አለና አረፋ ገነፈለ። ደንግጣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ሽታው ሁለት እርምጃ ርቆ ጤናዬ ጋ ደረሰ፤ ጤናዬም ወዲያው አወቀችው። ከማንጎው ሥር አፏ ውስጥ የፈነዳው ያው ነገር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲብላላ ከርሞ ወይን ጠጅ ሆኗል።

ፀደይ ግራ ገባት። ዙሪያዋን ቃኘች፤ ዓይኗ ከጤናዬ ዓይን ጋር ተጋጠመ። ምናልባት ጤናዬ ፊት ብትሰጣት የዚያን ጊዜ ትጠይቃት ነበር። ጤናዬ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ብድግ ብላ በጆሮዋ «አታቅርቢው፣ ተበላሽቷል» ማለት ይበቃ ነበር፤ ይህን ታውቃለች። ልቧ ግን ቅቤ ጠጥቷል። ይቅረብ፣ ይጠጡት፣ አለች በሆዷ። አፍሽ ውስጥ ገባ ብለው የፈረዱብኝ ሁሉ እስከ ጉሮሯቸው ይውረድላቸው።

መጋቢው ጸለዩ። ዳቦው ታደለ። ትንንሾቹ ጽዋዎች በትሪ ተደርድረው በየአግዳሚው ዞሩ። ጋሽ ለማ ጨለጡና ለአፍታ ቆም አሉ፤ ከንፈራቸውን ላስ አድርገው ከወትሮው ከፍ ባለ ድምፅ «አሜን» አሉ። ከዚያ ሕዝብ ውስጥ እንዲህ ያለውን ቀምሰው የማያውቁ ብዙ ነበሩ። በልጅነታቸው ቦርዴ እየጠጡ ያደጉ፣ ምን እንደጠጡ በደንብ የገባቸውም ነበሩ። እነዚህኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና አንገታቸውን ደፉ። ይህ መጠጥ ነው የሚል ሰው መጠጥን በምን አወቅኸው መባሉ አይቀርምና። ትሪው ጤናዬን ዘሎ አለፈ። እሷ ወደ ወንዶቹ በኩል አላየችም፤ ዓይኗ ከፀደይ ጀርባ አልተነቀለም።

የመጨረሻው ጽዋ ተጠጥቶ ትሪው ሲመለስ ጤናዬ ተነሣች። በመካከለኛው መተላለፊያ ወደ ፊት ሄደች። ሰዉ ንስሐ ልትገባ ነው ብሎ «ሃሌ ሉያ!» አለ። ጋሽ ለማ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ማይክራፎኑን ራሳቸው ሰጧት።

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ» አለች። «እኔ ቀምሼ ተፍቻለሁ። እናንተ አሁን የጠጣችሁት ያንኑ ነው፤ ዘቢቡ ወይን ጠጅ ሆኗል። እናንተ ግን ውጣችሁታል።»

ቤቱ ተናወጠ። አንዲት እናት አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ፀደይ እዚያው ትሪውን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። መጋቢው ወደ ኋላ ሄደው ጀሪካኑን አሸተቱና ክዳኑን መልሰው ገጠሙት። ፀደይ ማልቀስ ጀመረች፤ «አላወቅኩም፣ በጌታ ስም አላወቅኩም» ትላለች። አለማወቋን ማንም አልተጠራጠረም። ጤናዬ የጠበቀችው ይህን ልቅሶ ነበር። ሲመጣ ግን ያሰበችውን ያህል አልጣፈጣትም።

ጋሽ ለማ አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት። «እህት ጤናዬ፣ መቼ ነው ያወቅሽው?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። አልዋሸችም። «ክዳኑ ሲከፈት።»

«እኛ ሳንጠጣ?»

«ሳትጠጡ።»

«ታዲያ ሁላችንም ጠጥተን እስክንጨርስ ተቀምጠሽ አየሽን?»

«አዎ» አለች ጤናዬ።

ጋሽ ለማ ማይክራፎኑን ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱ። በዚያ በቆርቆሮው ቢሮ የፈረዱባት ቀን ንጹሕ ነበረች፤ ቀና ብላ ነው የወጣችው። ዛሬ ማንም ሳይፈርድባት አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ሚልክያስ በር ላይ አልጠበቃትም። ቀድሟት በአቧራማው መንገድ ላይ ብቻውን ይሄዳል። የእሑድ ጫማዋ እየጠበባት ሮጣ ደረሰችበት።

«አንተም ልትፈርድብኝ ነው?» አለችው እያለከለከች። «ያደረጉኝን አላየህም? ትንሽ ቢቀምሱት ምን አለበት?»

ሚልክያስ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሸተተኝ» አለ። «ጽዋው ገና ከንፈሬ ሳይደርስ ሸተተኝ።»

ጤናዬ አንድ እርምጃ ተጠጋችው።

«ደነገጥኩ። የጌታን ጽዋ ይዤ አረቄ የሚሸተኝ አሮጌው አመሌ ቢያታልለኝ ነው አልኩ። ከዚያ ዞሬ አንቺን አየሁ። የዘቢቡን ነገር ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አጠገቡ ነው የተቀመጥሽው። ክፉ ነገር ቢሆን ጤናዬ ትነሣ ነበር አልኩ። ብዙ አየሁሽ፣ ጤንዬ። አልዞርሽም።»

«ሚልክያስ...»

«ጠጣሁት። እስካሁን ምላሴ ላይ ነው።»

ክንዱን ልትይዘው እጇን ዘረጋች። ከእጇ ሥር ሸሸት አለና መንገዱን ቀጠለ። ወደ ቤታቸው የሚወስደው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አልታጠፈም፤ መጠጥ ከተወ ወዲህ ረግጦት በማያውቀው፣ አረቄ ቤቶቹ ባሉበት መንገድ ቁልቁል ወረደ። ጤናዬ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳትል ስሙን እየጠራች ተከተለችው። እሱ እርምጃውን ፈጠን አደረገ።